የምን መሣሪያ?

እስቲ በሴንት ፖል ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት የሰባ አራት ዓመት እናት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ዳሌያቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ከሆስፒታል ከወጡ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ስልክ ተደወለ። ነርሷ በእንግሊዝኛ «ኢኪፕመንት ያስፈልግዎታል ወይ?» ብላ ጠየቀች። በመስመሩ ላይ ያለው አስተርጓሚ ጊዜ ሳያጠፋ «መሣሪያ ይፈልጋሉ ወይ?» አላቸው። እማማ አማተቡ። «በስመ አብ! የምን መሣሪያ? እኔ አሮጊቷ መሣሪያ ምን ያደርግልኛል? አልፈልግም!» አሉ። «አልፈልግም ብለዋል» ተብሎ ተተረጎመ፤ እንደተተረጎመም ተጻፈ።

ይህን ያጫወቱኝ ራሳቸው ናቸው፤ ጎረቤቴ ናቸውና። ሲያወሩት ያስቃሉ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ እየተደገፉ መጸዳጃ ቤት ይሄዱ እንደነበር ሲነግሩኝ ግን ሳቄ ደረቀ። ዎከሩ ለምን እንዳልመጣ ልጃቸው ደውላ ስትጠይቅ ያገኘችው መልስ «እናትሽ አልፈልግም ብለዋል» የሚል ነበር። እውነትም ብለዋል። የተጠየቁትን ግን ማን ነገራቸው?

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። እኔም በዚህ ገጽ የምከራከረው ስለ አንዲት ቃል ነው፤ «ኢኪፕመንት»ን በደፈናው «መሣሪያ» ብሎ መተርጎም ይቅር!

«መሣሪያ» ምን በደለ? በመሠረቱ ምንም። «ሠራ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ ሥራ የሚሠራበትን ነገር ሁሉ የሚያመለክት የተከበረ ቃል ነው። የሙዚቃ መሣሪያ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የእርሻ መሣሪያ ሲባል ማንም አይደነግጥም። ነገር ግን ቃሉ ብቻውን ሲቆም ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። «መሣሪያ ታጠቀ»፣ «መሣሪያ ደበቀ»፣ «መሣሪያ አስረከበ» ሲባል ስለ መጥረቢያና ስለ መዶሻ የሚያስብ አበሻ ካለ እጁን ያውጣ።

በተለይ የእማማን ትውልድ አስቡ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲያካሂድ በየበሩ ይፈለግ የነበረው መሣሪያ ነበር። በዚያን ጊዜ በር ተንኳኩቶ «መሣሪያ አለ?» ሲባል «የለም» የሚለው መልስ የቤተሰብ ሕይወት ነበር። እንግዲህ ያንን ዘመን ያሳለፈ ጆሮ፣ ከማያውቀው ሰው በስልክ «መሣሪያ ይፈልጋሉ ወይ?» ቢባል «አልፈልግም» ብሎ ቢጮህ ይፈረድበታልን?

«ትጥቅ»ማ የባሰ ነው። ትጥቅ ወገብን ከመታጠቅ የመጣ ቃል ሲሆን ዛሬ ግን የምንሰማው «ትጥቅ አስፈታ» ሲባል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛው እንሂድ። «ኢኪፕመንት» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛውም የጥንት የሰሜን አውሮፓ መርከበኞች ለጉዞ መርከብ ማሰናዳትን ከሚጠሩበት ቃል እንደመጣ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ በውስጡ ያለው «መርከብ» የሚለው ቃል ነው። ቫይኪንጎች ማለት ነው! የሚኒያፖሊስ የእግር ኳስ ቡድን ስሙን የወሰደው ከእነርሱ ነው። የእነርሱ የልጅ ልጆች የሆኑት ስዊድኖችና ኖርዌዮችም በስደት መጥተው፣ ዛሬ የእኛ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች በሚመላለሱበት በሲዳር ጎዳና ላይ ሰፍረው ነበር። «ጊር» የሚለው ወንድሙም ከዚያው ከሰሜን የመጣ ነው፤ መነሻው መሰናዳት ነው። ዛሬ የክረምት ልብስም፣ የዓሣ አጥማጅ ዕቃም፣ የመኪና ማርሽም «ጊር» ይባላል።

ይህን ሁሉ የምተርከው ያለ ምክንያት አይደለም። «ኢኪፕመንት» ጆንያ ነው። ያንን ቃል የምትናገረው ነርስ በሐሳቧ ጆንያውን ከፍታ ዎከሩን አይታዋለች። የእኛ አስተርጓሚ ግን ጆንያውን ሳይፈታ እንደታሰረ ለእማማ አሸከማቸው፤ እማማም ከላዩ የጠብመንጃ አፈሙዝ ብቅ ብሎ ታያቸው።

የነገሩን ክብደት ለማወቅ ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን መድን ተመልከቱ። ከዘራ፣ ዎከር፣ ዊልቸር፣ የሆስፒታል አልጋ፣ የኦክስጅን መስጫና የስኳር መለኪያ «ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል የሕክምና ዕቃ» በሚል አንድ ስም ይጠቃለላሉ። ዕቃው ለሕክምና የሚውል፣ ቤት ውስጥ የሚሠራበትና ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ መሆን አለበት። ሐኪም ሲያዝዘው፣ ሕመምተኛው የዓመቱን መነሻ ክፍያ ከጨረሰ በኋላ፣ ሜዲኬር ከተፈቀደው ዋጋ 80 በመቶውን ይከፍላል። እንግዲህ በአንዲት ቃል ስሕተት የሚቀረው ይህ ሁሉ ነው።

ነገሩ በሽማግሌዎች ብቻ አያበቃም። በመጋዘንና በሥጋ ፋብሪካ የሚሠሩ ወገኖቻችን ጓንት፣ የራስ ቁር፣ የዓይን መከላከያና የመሳሰሉትን እንዲለብሱ ይታዘዛሉ። በጥቅሉ የሚጠሩበት ስም ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «የግል መከላከያ መሣሪያ» ይሆናል። እስቲ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት! ሽጉጥ አይመስልም? በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና በገባ ጊዜ ይህ አባባል በየቦታው ይሰማ ነበር፤ የተፈለገው ግን የአፍ መሸፈኛና ጓንት ነበር። «መሸፈኛና ጓንት» ብንል ምን ይጎድልብን ነበር?

ከአስተርጓሚዎቻችን መካከል «እኛ የተባለውን እንጂ ያልተባለውን አንጨምርም፤ የሥራችን ሕግ ነው» የሚሉ አሉ። ሥራቸው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስንቱን ሰው ከስንት ጭንቅ አውጥተዋል። ሕጉ ግን እንደሚሉት አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና አስተርጓሚዎች ብሔራዊ ምክር ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ ትክክለኛነት የሚለው የመልእክቱን ይዘትና መንፈስ ከነባህሉ ማድረስን ነው። የእማማ ጉዳይ መንፈሱ ደረሰ ትላላችሁ? ጥርጣሬ ሲኖር «የትኛውን ዕቃ ማለትሽ ነው?» ብሎ ነርሷን መጠየቅ የሚከለክል ሕግ የለም። እማማ ሲያማትቡ መስማትና ዝም ማለት ግን ታማኝነት አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «እንዳለ ኢኪፕመንት እንበለው፤ ሁሉም ለምዶታል» ይላሉ። ሁሉም ማን ነው? እዚህ የተማረ ልጅ ለምዶት ይሆናል፤ እናቱ አልለመደችም። የባዕድ ቃል ጠላት እንዳልመስላችሁ። የአዲስ አበባ መካኒኮች ካቻቪቴን፣ ፒንሳንና ፍሬንን ከጣሊያን ወስደው የራሳቸው አድርገዋል። ነገር ግን አለቃው ረዳቱን «ካቻቪቴ አቀብለኝ» ይለዋል እንጂ «መሣሪያ አቀብለኝ» አይለውም። ዕቃውን በስሙ ይጠራዋል። ዎከርም ዊልቸርም እንዲሁ ናቸው፤ ቃሉ ባዕድ ቢሆንም በጣት የሚጠቆም ነገር አለው።

ሦስተኞቹና የማከብራቸው፣ «መሣሪያ ንጹሕ የአማርኛ ቃል ነው፤ ስለምን ለጠብመንጃ እንለቅለታለን?» የሚሉት ናቸው። እውነት አላቸው። በመጽሐፍና በጋዜጣ «የሕክምና መሣሪያ» ተብሎ ከነቅጽሉ ይጻፍ፤ እኔም እጽፈዋለሁ። ነገር ግን ቋንቋን የማቅናት ትግል በእማማ ዳሌ ላይ አይካሄድም። በስልክ፣ በሕመም፣ በፍርሃት ላይ ላለ ሰው የሚበጀው ቶሎ የሚገባው ቃል ነው።

ታዲያ ምን እንበል? «ዕቃ» የሚባል ትሑት ቃል አለን። ከወጥ ቤት እስከ ቤተ መቅደስ ያገለገለ ነው፤ ንዋየ ቅድሳትንም «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ» እንላቸዋለን። ስለዚህ አስተርጓሚ ሆይ፣ «ለመራመድ የሚረዳዎ ዕቃ፣ ለምሳሌ ከዘራ ወይም ዎከር፣ ያስፈልግዎታል?» በል። አሥር ሴኮንድ አይፈጅብህም።

እናንተም ልጆች፣ የእናታችሁ ስልክ ሲጮህ አጠገባቸው ካላችሁ፣ «አልፈልግም» ሲሉ ምን እንደተጠየቁ ጠይቁ። እናንተም እናቶችና አባቶች፣ ቃሉ ግራ ከገባችሁ «ዕቃውን በስሙ ጥራልኝ» በሉ። ይህ ልመና አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት ሰውን እንዳያገል ይከለክላል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የጤና መድን ሕግም ይህንኑ በሕክምናው ዘርፍ አጽንቶታል። የሚገባ ትርጉም የማግኘት መብታችሁ የሚመነጨው ከዚያ ነው።

ጎረቤቴ ዛሬ ዎከራቸውን እየገፉ ከፎቅ ይወርዳሉ። ባለፈው እሑድ ሳገኛቸው በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ይኸውልህ ልጄ፣ መሣሪያዬ!» አሉኝ። ሳቅን። ሦስቱ ሳምንት ግን አይመለስም።