የአሉሚኒየም ብናኝ ሰጋቱራ አይደለም

«አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ እንጨት የሚሠራ ሰው አይቸገርበትም። በዚያው መጋዝ ቆርጣችሁ፣ በዚያው ማሽን አለስልሱት። ያው ብናኝ ነው።» ይህን የተናገሩት ጀማሪ አናጺዎችን የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ናቸው። ለማጆቹ አመኗቸው፤ ለእኔ ግን «ያው ብናኝ ነው» የምትለዋ ቃል አልተዋጠችልኝም።

ስለ መቁረጡ አልከራከርም። የዲስኩ ጥርስ ካርባይድ ከሆነ፣ ሰም ከተቀባ፣ ላሜራው በሁለት ችፑድ መካከል ጠብቆ ከታሰረና ዓይን በመነጽር ከተሸፈነ የእንጨት መጋዝ አሉሚኒየምን ይቆርጣል። ጥፋቱ ማለስለሱ ላይ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የተገጠመለት ማሽን አሉሚኒየምን ሲፈገፍግ የሚያወጣው ዱቄት እጅግ የደቀቀ ነው፤ አየር ላይ ተበትኖ ብልጭታ ካገኘው ይፈነዳል። ብልጭታ ደግሞ ከወርክሾፕ አይጠፋም፤ የማሽኑ ሞተር አለ፣ ጥግ ላይ ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር አለ። ይህን ዱቄት ሰጋቱራ በሞላው የአቧራ መምጠጫ ከረጢት ውስጥ ጨምሩት ማለት ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ሰጋቱራም ይነዳል፤ እሱን ግን ውሃ ያጠፋዋል። በሚነድ የአሉሚኒየም ዱቄት ላይ ውሃ ሲደፋ ሃይድሮጂን ይወጣል፤ እሳቱ ይብሳል። የሚታፈነው በደረቅ አሸዋ ነው። «ያው ነው» ተብሎ የተማረ ልጅ እሳት ሲያይ ሮጦ የሚያነሣው የውሃ ባልዲ ነው። ያኔ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 በቻይና ኩንሻን ከተማ የአሉሚኒየም ቸርኬ የሚያለሰልስ ፋብሪካ ፈንድቶ 146 ሰው ሞተ። ፍንዳታው የተነሣው በጊዜው ካልጸዳው የአቧራ ማጠራቀሚያ ነበር። እነዚያ ሠራተኞች የያዙት ባሩድ አልነበረም፤ ቸርኬ ነበር። «የእኛ ሥራ ጥቂት ላሜራ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጠባብ ክፍልና የተዘጋ ከረጢት ባለበት፣ የሥራው ማነስ ዋስትና አይሆንም።

አሠልጣኙ ሆይ፣ ቀጣዩን ትምህርት ከመጀመርዎ በፊት ያንን ቃል በለማጆችዎ ፊት ያርሙ። እናንተም ለማጆች፣ የአሉሚኒየሙን ጠርዝ በእጅ ሞረድ ጨርሱት፤ ከሰጋቱራ መምጠጫ ጋር የተያያዘ ማለስለሻ ማሽን ፈጽሞ አታስነኩት።