በባሕር ላይ የታየው አውሎ ነፋስ ለገበሬውም ይነገረው

ስለ ሐሩር ባሕር አውሎ ነፋስ ሲነሣ ብዙዎቻችን ነገሩን የመርከበኛና የወደብ ሰው ጉዳይ አድርገን እናልፈዋለን። አገራችን የባሕር ዳርቻ ስለሌላት ይህ አስተሳሰብ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በዐረብ ባሕር ላይ የተነሡ ሁለት አውሎ ነፋሶች ውለው አድረው በሐረርጌ፣ በአፋርና በወሎ ማሳዎች ላይ ለደረሰው የአንበጣ ወረራ መነሻ ሆነዋል። ስለዚህ የባሕሩ ወሬ የማሳም ወሬ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አንድ ነው። ይኸውም ሳተላይት የሚያስገኘው የአውሎ ነፋስ መረጃ እስከ ልማት ሠራተኛውና እስከ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ካልወረደ፣ ከታች የሚገኘው ወሬም ወደ ላይ ካልወጣ፣ ሥራው ግማሽ ብቻ ነው የሚል ነው።

ሳተላይት ምን ያያል?

የመጀመሪያው የአየር ጠባይ ሳተላይት ታይሮስ 1 ወደ ሰማይ የተላከው በመጋቢት 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) ነበር። ከዚያ በፊት በባሕር መካከል የተነሣ አውሎ ነፋስ የሚታወቀው መርከብ ሲያጋጥመው፣ አውሮፕላን ሲደርስበት ወይም ደሴት ሲመታ ነበር። ዛሬ ሜቴዎሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከምድር ወገብ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በአንድ ቦታ እንደ ቆመ ሆኖ፣ ህንድ ውቅያኖስንና አካባቢያችንን በየ15 ደቂቃው ያነሣል። በኢንፍራሬድ የሚነሣው ሥዕል በሌሊትም ይሠራል፤ የደመናውን ጫፍ ቅዝቃዜ ስለሚለካ ደመናው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይታወቃል። ቨርነን ድቮራክ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት የደመናውን አጠማዘዝና ቅዝቃዜ አይቶ የነፋሱን ኃይል የሚገምትበት ዘዴ አውጥቶአል፤ እስካሁንም ይሠራበታል። ዝቅ ብለው የሚዞሩት ሌሎች ሳተላይቶች ደግሞ በማይክሮዌቭ በደመናው ውስጥ ያለውን ዝናብ ይለያሉ፤ በራዳር የባሕሩን ገጽ መሸብሸብ አይተው የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ይለካሉ።

በዐረብ ባሕር ለሚነሣው አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው በኒው ዴልሂ ያለው የህንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። ከምድር ወገብ በታች፣ በማዳጋስካር አካባቢ ለሚነሣው ደግሞ በሬዩኒዮን ደሴት ያለው የፈረንሣይ ጣቢያ ነው።

ትንበያው ፍጹም እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት። አውሎ ነፋሱ የሚሄድበትን መንገድ ከቀናት በፊት መገመት ይቻላል፤ ኃይሉ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያድግ መገመት ግን ይከብዳል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ሰሜን ሶማሊያን የመታው ጋቲ በ12 ሰዓት ውስጥ ከደካማ ማዕበል ተነሥቶ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ወደሚደርስ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ተለውጦአል።

ማየት ብቻውን አያድንም

በኅዳር 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970) የዛሬይቱን ባንግላዴሽ የመታው አውሎ ነፋስ በሳተላይት ታይቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን በዳርቻው ለሚኖረው ሕዝብ በሚገባው አኳኋን ስላልደረሰ ከ300 ሺህ የማያንስ ሰው አለቀ። በህንድ ኦዲሻ ጠቅላይ ግዛትም በጥቅምት 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) 10 ሺህ ያህል ሰው ሞተ። በዚሁ ቦታ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) ፋይሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ግን አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አስቀድሞ ስለተነሣ የሞተው በአሥሮች የሚቆጠር ሆነ። ትንበያው መሻሻሉ ድርሻ አለው። ነገር ግን መጠለያው ባይሠራና መልእክቱ በየመንደሩ ባይደርስ ትንበያው ብቻውን ያን ሁሉ ሰው ባላዳነ ነበር።

ከአውሎ ነፋስ ወደ አንበጣ

የእኛም ትምህርት ከዚህ የተለየ አይደለም። መኩኑ የተባለው አውሎ ነፋስ በግንቦት 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) በኦማን ሰላላ አጠገብ፣ ሉባን የተባለው ደግሞ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) በምሥራቅ የመን ወደ ምድር ገቡ። ሩብ አል ኻሊ የሚባለው ሰፊ በረሃ በዝናብ ራሰ፤ አሸዋው አረንጓዴ ለበሰ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ነው። እንደ ምግብና እርሻ ድርጅት ስሌት ሁኔታው ከተመቸው በ3 ወር 20 እጥፍ፣ በ6 ወር 400 እጥፍ፣ በ9 ወር 8,000 እጥፍ ይበዛል። በዚያ በረሃ በ9 ወር ውስጥ ሦስት ትውልድ ሲፈለፈል በጊዜው አይቶ የተናገረ አልተገኘም። አውሎ ነፋሶቹን ሳተላይት በየደቂቃው ሲከታተላቸው ነበር፤ በአሸዋው ላይ የሚሄደውን ኩብኩባ ግን ከሰማይ ሊቆጥረው አይችልም።

መንጋው በየመን አልፎ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ወደ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተሻገረ፤ በምሥራቅ ቆላችንም ተራባ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ፓዋን የተባለው ሌላ አውሎ ነፋስ በሶማሊያ ዝናብ ሲጨምርለት ይበልጥ ተስፋፋ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ በወሎና በራያ ማሽላውና ጤፉ ለአጨዳ ሲደርስ መንጋው የዓመቱን ድካም በላው።

የበልግ አብቃይ አካባቢዎችም ጉዳይ አለ። ማዳጋስካር አካባቢ አውሎ ነፋስ በሚበዛባቸው ዓመታት እርጥበቱ ወደዚያው ስለሚሳብ የበልግ ዝናባችን የመቀነስ ዝንባሌ እንዳለው በጥናት ታይቶአል። አውሎ ነፋሱ ባለበት ቦታ ምክንያት ዝናብ የሚያመጣልን ጊዜም ስላለ፣ የዘር ጊዜ ከመወሰኑ በፊት የሜትሮሎጂን የዐሥር ቀን መግለጫ መከታተል ይጠቅማል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«በየጊዜው ማስጠንቀቂያ ከተነገረ ገበሬው ይሰለቻል፤ አውሎ ነፋስ ሁሉ አንበጣ አያመጣም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ዝናብ አንበጣ አይፈጥርም፤ ያለውን ግን ያበዛል። ስለዚህ የሚነገረው «አንበጣ መጣ» ተብሎ ሳይሆን «ዝናብ በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ጥሎአል፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ መሬቱን እንይ» ተብሎ መሆን ይገባዋል። እንዲህ ያለ መልእክት ሥራ ያሲዛል እንጂ አያስደነግጥም።

«የዐረብ በረሃ በእጃችን አይደለም» የሚሉም አሉ። ሁለተኛው ርቢ ግን በራሳችን ቆላ የሆነ ነው። ባለሙያ በማይደርስበት ቦታ ሁሉ ከብት ጠባቂው ይደርሳል።

ምን ይደረግ?

ሀ) በዐረብ ባሕር ወይም በኤደን ባሕረ ሰላጤ አውሎ ነፋስ መነሣቱ ሲገለጽ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቀኑንና ዝናብ የሚጠበቅበትን ቦታ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ለልማት ሠራተኛው ይላክ፤ እሱም በማኅበሩ ስብሰባ ያንብብ።

ለ) በቆላው ዝናቡ የጣለበት ቀን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይጻፍ። በሞቃት ቦታ እንቁላሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፤ ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ ከ30 እስከ 40 ቀን ይፈጅበታል። መከላከል የሚቀለው በእነዚህ ቀናት ስለሆነ፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አሸዋማና አዲስ ሣር የበቀለበት መሬት በተራ ይታይ።

ሐ) ወሬው ሲላክ ቦታው፣ ቀኑ፣ የያዘው ስፋት፣ ኩብኩባ ወይም ባለ ክንፍ መሆኑ ይጠቀስ። ሮዝ መልክ ያለው ገና ያልበሰለ ነው፤ ቢጫው እንቁላል ለመጣል የደረሰ ነው። ታይቶ ካልተገኘም «ፈልገን አላገኘንም» ተብሎ ይላክ። በሩብ አል ኻሊ የታጣው ይህ ነበር፤ ዝም የተባለበት ቦታ ሰላም ነው ተብሎ ታለፈ።

መ) የዝናብ መለኪያ ያለው ማኅበር በየጠዋቱ በ3 ሰዓት አንብቦ ይመዝግብ። ሳተላይት የሚሰጠው የዝናብ መጠን ግምት ስለሆነ ትክክለኛነቱ የሚጣራው በምድር ላይ በተለካ ዝናብ ነው።

የልማት ሠራተኛው ይህን ሁሉ ብቻውን ይሥራ ማለታችን አይደለም። ከላይ ያለው መሥሪያ ቤት መልእክቱን በጊዜው ካላወረደለት፣ የሚልከውንም ወሬ ተቀብሎ መልስ ካልሰጠው፣ በሁለተኛው ዓመት የሚመዘግብ አይገኝም። ኅብረት ሥራ ማኅበራትም መልስ እንዲሰጣቸው የመጠየቅ መብት አላቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእሳት ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚሸፍን መንጋ 35 ሺህ ሰው በቀን የሚመገበውን ያህል እህል ይበላል፤ ኩብኩባው ገና በእግሩ ሲሄድ ያየው አንድ እረኛ ግን ይህን መንጋ ከመነሣቱ በፊት ሊያስቀረው ይችላል።