አማካይ አይበላም

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ውላችሁ ታውቃላችሁ? እህል ተራው ላይ እናቶች ገብሱን ዘገን አድርገው ያዩታል፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ "ባለፈው ሳምንት እኮ እንዲህ አልነበረም" ይላሉ፤ ከዚያ ካሰቡት ቀንሰው ይሸምታሉ። ማታ ስልካችንን ስንከፍት ደግሞ "በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል ተመረተ" የሚል ዜና እናያለን። ኮሜንቱ ላይ ግማሹ "ውሸት!" ይላል፣ ግማሹ ያጨበጭባል። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ዘመድ አዝማዱ "እስቲ ንገረን፣ የቱ ነው ልክ?" ይለኛል። ዜናውም ገበያውም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ እላለሁ። የሚያሳስበኝም ይሄው ነው።

አሃዙ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት (የድሮው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ) ገበሬውን ሁሉ አይቆጥርም፤ አይችልምም። የቆጠራ ቦታዎችን በናሙና ይመርጣል፣ ከየቦታው ጥቂት አባወራዎችን ያወጣል፣ ማሳቸውን ይለካል። ከተመረጠ ማሳ ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር ቦታ ተከልሎ ሰብሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ይመዘናል። ሂሳቡን በስልካችሁ ሞክሩት፦ ከ16 ካሬ ሜትር 2 ኪሎ ገብስ ከተገኘ በሄክታር 12 ኩንታል ተኩል ማለት ነው። ሚዛኑ በ200 ግራም ቢሳሳት በሄክታር 1 ኩንታል ከሩብ ይዛነፋል። ስህተቱ ወዲህም ወዲያም ከሆነ በብዙ ማሳ ላይ ይካካሳል። ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ግን አገራዊው ድምርም አብሮ ያጋድላል።

ሁለተኛው መንገድ የግብርና መዋቅሩ ነው። የልማት ሠራተኛው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ሪፖርት ይልካል። እዚህ ጋ ሪፖርት አድራጊው የሚገመገመውም በዚያው አሃዝ ነው። "ዕቅዱ አልተሳካም" ብሎ ለመጻፍ የሚደፍር ስንቱ ነው? ገበሬው ደግሞ በተቃራኒው ይጎትታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት ባለበት አገር "ጎተራህ ሞልቷል ወይ?" ሲባል "አዎ" የሚል የለም።

ይሄ የምርቱ ወገን ነው፤ የፍጆታው ይብሳል። ቀመሩ ቀላል ነው። ከአምና የተረፈው፣ ምርቱና ከውጭ የገባው ተደምሮ፣ ከሚበላው፣ ለዘር ከሚቀመጠው፣ ለከብት ከሚሰጠው፣ ከሚባክነው፣ ወደ ውጭ ከሚላከውና ለከርሞ ከሚተርፈው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ግን በየጎተራው ያለውን ማን መዘነው? የሚበላውን ለመገመት የሕዝብ ቁጥር ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የ1999ኙ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ስለዚህ የት እንደገባ ያልታወቀው እህል "ተበልቷል" ውስጥ ይገባል።

ስንዴን ውሰዱ። በየካቲት 2015 መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን በይፋ አበሰረ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ግን ምርታችንን ከመንግሥት አሃዝ እጅግ ዝቅ አድርጎ ነው የሚገምተው። አንድ አገር፣ አንድ ሰብል፣ የተራራቁ ሁለት ቁጥሮች።

እሺ፣ አገራዊው አሃዝ ልክ ነው እንበል። ታዲያ ላስታ ይጠግባል? ወሎ መልሱን በ1965 እና በ1966 በሞት ተምራዋለች። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ያኔ የአገሪቱ ምርት የቀነሰው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ወሎ ግን አለቀች። የደሴ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋ መግዣውም አብሮ ጠፋበት። አገራዊ ድምር ይህን አያይም።

ዛሬም የናሙና ጥናቱ ውጤት ከዞን በታች አይወርድም። ሰሜን ወሎ ውስጥ የራያ ቆቦ ሜዳም አለ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ያለው የላስታ ደጋም አለ። የቆቦ ማሽላ አምሮ የላስታ ገብስ ቢመታ ዞኑ በአማካይ "ደህና" ሊባል ይችላል። አማካይ ግን አይበላም።

"በየወረዳው መለካት ውድ ነው" የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ናሙናው ብዙ እጥፍ ማደግ አለበት። እኔ የምጠይቀው ግን ርካሽ ነገር ነው። አንደኛ፣ የስታቲስቲክሱና የግብርናው አሃዝ ጎን ለጎን ይውጣ፤ ልዩነቱ አይደበቅ። ሁለተኛ፣ ድምሩ ሲነገር የስህተት መጠኑም ይነገር፤ ቆጣሪ ያልደረሰባቸው ቦታዎች በስም ይጠቀሱ። ሦስተኛ፣ በየወረዳው ገበያ በየሳምንቱ ይህ ይመዝገብ፦ አንድ በግ ስንት ኪሎ ገብስ ይገዛል? የአንድ ቀን የጉልበት ሥራስ? የእህል ዋጋ ብቻውን እንደሚያታልል ደሴ አሳይታናለች። ለዚህ ገመድም ጂፒኤስም አያስፈልግም፤ አንድ ሰውና አንድ ስልክ ይበቃል።

እስከዚያው እኛም የድርሻችንን እናድርግ። "ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል" የሚል ፖስት ስታዩ፣ ሼር ከማድረጋችሁም ከመሳደባችሁም በፊት ጠይቁ፦ ተለክቶ ነው ተገምቶ? የት ነው ያለው? የላሊበላ ገበያ የቆሙት እናቶችስ መግዛት ይችላሉ?