አረፋ ስለበዛ ጸዳ ማለት አይደለም

ዛሬ ስለ ሳሙና የራሴን ሐሳብ ላካፍላችሁ።

በቅርቡ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ጉንጩ፣ የክርኑና የጉልበቱ መታጠፊያ ቀልቷል፤ ከማከክ ብዛት ቆስሏል። ችፌ ነው። «ዶክተር፣ በቀን ሁለቴ በልብስ ሳሙና አጥበዋለሁ፤ ግን ይብስበታል» አለችኝ። ጎረቤቶቿ «ንጽሕና ጎድሎት ነው» ብለዋት ስለነበር፣ በባሰበት ቁጥር አብዝታ ታሸው ነበር። ያሳዘነኝ ይሄ ነው። ችፌ ከቆሻሻ የሚመጣ በሽታ አይደለም። ያባባሰው ያ ሁሉ ሳሙና ነው።

ለምን? ጤናማ ቆዳ ትንሽ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ቆዳችንን የሚጠብቀውን ወዝም አብሮ ይወስዳል። ከታጠብን በኋላ ፊታችን ውጥር ሲል «አሁን ጸዳሁ» እንላለን አይደል? እሱ የንጽሕና ሳይሆን የድርቀት ምልክት ነው።

ለስለስ ያሉ ማጽጃዎች አሉ። የፈሳሽ ሳሙናና የሻምፖ ጀርባ ላይ «ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን» የሚል ስም ታገኛላችሁ። ከኮኮናት ዘይት ተነሥቶ በፋብሪካ የሚሠራ ነው። አረፋ ያወጣል፤ ከጠንካራ ማጽጃዎች ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የእነሱን ማቃጠል ይቀንሳል። በብዙ የሕፃናት ሻምፖዎች ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ግን እዚህም ላይ እንጠንቀቅ። ይሄው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ተብሎ ነበር። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ሲመረት ከሚቀሩ ቅሪቶች ነው። ለብዙዎቻችን ምንም አያደርግም። ሻምፖ በቀየራችሁ ሰሞን የዐይን ቆብ፣ አንገት ወይም የራስ ቆዳ ካሳከከ ግን ጠርጥሩ። የፀጉር ባለሙያዎች፣ እጃችሁን አደራ!

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ምርትን በአረፋው፣ በዋጋው ወይም «ለስላሳ»፣ «ተፈጥሯዊ» በሚለው ጽሑፍ አትመዝኑ። ቆዳችሁን ጠይቁት። ከታጠባችሁ በኋላ ካልተወጠረና ካላሳከከ ተስማምቷችኋል።

ለስላሳ ማጽጃ ለመግዛት አቅም ካልፈቀደስ? ችግር የለም፤ ሳሙናውን ቀንሱ።

✅ የገላ ሳሙና ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር፤ ሌላው ገላ ብዙ ጊዜ ለብ ያለ ውኃ ይበቃዋል።
✅ የልብስ ሳሙና ለልብስ ብቻ!
✅ ገላው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቡ።
✅ እጅን በሳሙና መታጠብ ግን አይቀርም፤ እሱ በሽታ ይከላከላል።

ያቺን እናት «አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኳት። የልብስ ሳሙናውን ተወች፤ ያዘዝኩላትን ቅባትና ቫዝሊን በአግባቡ ቀባችው። በቀጠሮዋ ስትመለስ ቁስሉ ደርቆ ነበር። «አሁን ሌሊት ይተኛል፤ እኔም ተኛሁ» አለችኝ።

እናንተስ ልጆቻችሁን በምንድን ነው የምታጥቡት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ልጇን በልብስ ሳሙና የምታጥብ እናት ካወቃችሁም ሳትወቅሷት ሼር አድርጉላት።