ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አነጋገር ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ድኻ ወላጅ ተስፋ እንዳይቈርጥ ለማጽናናት የተነገረ እንደ ሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ደመወዙን በየወሩ የሚቀበል ሰው ሚስቱን ከፈታ በኋላ የልጁን ቀለብ ላለመስጠት ሲጠቅሰው፣ ምሳሌነቱ ቀርቶ ማምለጫ ይሆናል።

ባልና ሚስት ሊጣሉና ሊፋቱ ይችላሉ፤ ወላጅና ልጅ ግን አይፋቱም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዐዋጅ ቍጥር 213 በአንቀጽ 113፣ ፍርድ ቤት ፍቺን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤንነታቸውና ስለ ቀለባቸው፣ እንዲሁም ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ክልሎችም በየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ነገሩን ደንግገውታል። ቀለብ ሲባልም እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናውና ትምህርቱ ሁሉ ይገባበታል። ግዴታውም የአባት ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ወላጆች ነው። ልጁ ከአባቱ ጋር የሚኖር እንደ ሆነ እናትም እንደ ዐቅሟ ትከፍላለች። ይሁን እንጂ ልጆች በብዛት ከእናታቸው ጋር ስለሚቀሩ፣ ፍርድ ቤት ደጅ የምትጠናው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት።

ታዲያ ዳኛው የቀለቡን ልክ በምን ይወስናል? ሕጉ ሁለት ሚዛን ሰጥቶታል፤ አንደኛው የተቀባዩ ችግር፣ ሁለተኛው የከፋዩ ዐቅም ነው። «ይህን ያህል ደመወዝ ያለው ይህን ያህል ይክፈል» የሚል በቍጥር የተወሰነ ሠንጠረዥ ግን አላስቀመጠም። ይህም የየቤቱን ኑሮ ለይቶ ለማየት ስለሚረዳ ጥቅም አለው። ጕዳቱ ደግሞ ፍርዱ በቀረበው ማስረጃ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ደመወዝተኛው የመሥሪያ ቤት ማስረጃ ይቀርብበታል፤ ነጋዴው ግን ገቢውን ሲሰውር እናት መርማሪ ሆና ልታሳድደው ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ወደ ወጣት ሠራተኞች ይመጣል። ፍርድ ቤት «የእገሌ ደመወዝ ስንት ነው?» ብሎ ሲጽፍ ደብዳቤው የሚያርፈው በአንድ ጸሓፊ ወይም በአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያ ሠራተኛ «ወንድሜ ነው፣ ባልደረባዬ ነው» ብሎ መልሱን ቢያዘገይ፣ ወይም ዋናውን ደመወዝ ብቻ ጽፎ አበሉንና ጉርሻውን ቢተው፣ ለጓደኛው ውለታ የዋለ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ከአንድ ሕፃን ደብተርና ወተት ላይ ቀንሷል። የተማረ ሰው ጉቦ መቀበልን ይጸየፋል፤ ይህንን ግን ወዳጅነት ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱ የሚለያዩት በስም ብቻ ነው።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ዳገት አለ። አባት በፈቃዱ ካልከፈለ፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ባለመብቷ የአፈጻጸም ማመልከቻ አቅርባ እንደ ገና ትመላለሳለች። ከሥራዋ ትቀራለች፤ መዝገብ ታስከፍታለች፤ ቀጠሮ ትጠብቃለች። የኑሮ ውድነት ገንዘቡን ሲያሳንሰው ልኩ እንዲሻሻል መጠየቅ ይፈቀድላታል፤ ለዚያም ሌላ አቤቱታ ያስፈልጋል። በጊዜው ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብም ሊቀር ስለሚችል ዝምታዋ በልጇ ላይ ይቈጠራል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የነፈገውን ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ማስፈራሪያ ሆኖ መኖሩ ተገቢ ነው። ሆኖም የታሰረ አባት ደመወዝ አያገኝምና፣ ለልጁ ከእስር ይልቅ የሚጠቅመው ቀለቡ ከምንጩ መቈረጡ ነው።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ አጭር ነው፤ ልጁ እንዲበላ የማድረጉ ሸክም ከእናት ትከሻ ወርዶ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ አሠሪ ይዙር። ዳኛው ቀለቡን በወሰነ ዕለት፣ ሌላ አቤቱታ ሳይጠበቅ ትእዛዙ ለአሠሪው ይድረስ። የቀለቡ ልክ በየዓመቱ እንዴት እንደሚያድግም በዚያው ፍርድ ይጻፍ። የነጋዴውን ገቢ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ራሱ ከግብር መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ከሠራተኛው በአንድ ጊዜ የሚቈረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ወስኗል። በወር 9,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ቢሆን ከ3,000 ብር በላይ አይነካበትም ማለት ነው። እንግዲህ «ቀለብ ከተቈረጠብኝ በምን እኖራለሁ?» ለሚል ሠራተኛ ሕጉ አስቀድሞ መልስ ሰጥቶታል።

አንዳንድ አባቶች «ገንዘቡን የምትበላው እናቲቱ ናት» ይላሉ፤ ሌሎችም «ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም» ይላሉ። ልጁን መከልከሏ እውነት ከሆነ በደል ነው፤ ገንዘቡ ለልጁ አለመዋሉም እንዲሁ። ለሁለቱም ግን አቤት የሚባልበት ችሎት አለ። ሥራ የለቀቀ ወይም የታመመ አባትም ቀለቡ እንዲቀነስለት ማመልከት ይችላል። የማይፈቀደው በራስ ፈቃድ ዳኛ ሆኖ ፍርዱን በሕፃኑ ሆድ ላይ መፈጸም ነው።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ካሉበት ይቆሙ ነበር። ዛሬ ሕጉ የሚናገረው ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከጠረጴዛህ ላይ ካለ ሰኞ ጧት መልሱን አሟልተህ ጻፍና ላክ።