«ጎግል ራሱ ይቆልፈዋል» ለምትሉኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስክሪንሾት ላከችልኝ። «ቲቸር፣ ይሄ የእናቴ ስልክ አይደል?» ትላለች። ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጎግል ድራይቭ ላይ የተጫነ የክፍል ሮስተር ነው። ስም፣ ውጤት፣ የወላጅ ስልክ አለበት። «አስተያየት» በሚለው አምድ ደግሞ የማን አባት እንደሞተ፣ ማን ከአክስቱ ጋር እንደሚኖር ሳይቀር ተጽፏል። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲከፍተው ተደርጎ ነው የቀረው። የጫንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ወቀሳው ከራሴ ይጀምራል።

ይሄን ለባልደረቦቼ ሳነሳ የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «አትጨነቅ፣ ጎግል ኢንክሪፕት ያደርገዋል።»

እውነት ነው፣ ያደርጋል። ግን ቁልፉ በማን እጅ ነው? እኛ ድራይቭ ላይ የምንጭነው ፋይል የሚመሰጠረው ጎግል በያዘው ቁልፍ ነው። ያ ምስጠራ ዲስኩን ነቅሎ ከሚሄድ ሌባ ያድናል። ሊንኩን ይዞ ለመጣ ሰው ግን ጎግል ራሱ ፈትቶ ያሳየዋል፤ አሳይ ብለን ያዘዝነው እኛ ነና! ዘበኛ ቀጥሮ «የመጣውን ሁሉ አስገባ» ማለት ነው።

«እኛ በቴሌግራም ነው የምንልከው» የምትሉም አትኩራሩ። ግሩፕና ተራው ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠርም። ያ ያለው ሁለት ሰው ብቻ በሚያወራበት ሚስጥራዊ ቻት ነው።

መፍትሔው ከመጫን በፊት መቆለፍ ነው። ኤክሴል ላይ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ፕሮቴክት ዎርክቡክ፣ ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስዎርድ። አለቀ። ፓስዎርዱን እዚያው ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት፤ ደውላችሁ ንገሩ። ከጠፋ ፋይሉም አበቃለት፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። ሊንኩንም ለሚመለከተው ሰው ኢሜይል ብቻ ፍቀዱ።

«ምን የሚደበቅ አለንና?» የምትለኝ ወንድሜ፣ አንተ ላይኖርህ ይችላል። ያቺ ልጅ ግን አላት። ሚስጥሩ የሷ ነው፣ አደራው የኛ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ግን መምህር የተማሪውን ገመና ለመሸፈን አዋጅ መጠበቅ አለበት እንዴ?

ፋይሉን ዘግቼዋለሁ። እስከዛሬ ስንት ሰው እንዳወረደው ግን አላውቅም። የኔ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኗል። እናንተ ዛሬ ማታ ድራይቫችሁን ክፈቱና እዩ።