ሪከርድ የእግር ጉልበት ብቻ አይደለም

ዛሬ ስለ ብስክሌት ሪከርድ የራሴን ሐሳብ ላካፍላችሁ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር በብስክሌት የመጓዝ ሪከርድ አለ። እንግሊዛዊው ቶሚ ጎድዊን በ1939 እ.ኤ.አ. 120,805 ኪሎ ሜትር ነዳ። አሜሪካዊቷ አማንዳ ኮከር ደግሞ ከ2016 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ባለው አንድ ዓመት 139,326 ኪሎ ሜትር ነዳች። ለቀን ሲካፈል 381 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ታዲያ እሷ ትበልጠዋለች ማለት ነው? እኔ በቁጥር ብቻ መፍረድ ልክ አይመስለኝም። ጎድዊን የነዳው በእንግሊዝ ብርድና ዝናብ ነው። በዚያ ላይ ዓመቱ ሳያልቅ የዓለም ጦርነት ተነሳ፤ ማታ መብራቱን አደብዝዞ መንዳት ነበረበት። ኮከር ግን ብዙውን የነዳችው ሞቃትና ሜዳማ በሆነችው ፍሎሪዳ፣ መኪና በማይገባበት ፓርክ ውስጥ ነው። 11 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ደጋግማ ትዞረው ነበር።

“እንደዚህማ ቀላል ነው!” የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ኮከርን በ2011 እ.ኤ.አ. ብስክሌት እየነዳች መኪና ገጭቷት ነበር። ስለዚህ መኪና የሌለበትን ቦታ መምረጧ ብልህነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም። ደግሞ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ መዞር ራሱ ስንት ትዕግሥት ይፈልጋል!

ሌላም አለ። ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው እግሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር ቀኑን ሙሉ መንዳት አይችልም።

ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የት እና በምን ኑሮ እንደተነዳ ይጻፍ እላለሁ። ያኔ ማንንም ሳናሳንስ ሁሉንም እናደንቃለን። እናንተስ ምን ትላላችሁ?